ደብተሩ ላይ የጻፍኩት ቁጥር

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ነው። የእጅ ባትሪዬን በጥርሴ ነክሼ ጫማዬን እየገለበጥኩ አራግፋለሁ። ጊንጥ ፍለጋ ነው። የበረሃው ካምፕ ከገባን አምስተኛ ቀናችን ሲሆን እስካሁን ከጫማዬ የወጣው አሸዋ ብቻ ነው። አሸዋውስ ከየት ነው የሚመጣው? ትናንት ማታ ከመተኛቴ በፊት እኮ አራግፌዋለሁ። የድንኳን ጓደኛዬ ዓይኗን ሳትገልጥ «የአንቺ ጫማ አሸዋ ይወልዳል» አለችኝ።

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በረሃ ሲባል ሙቀት ብቻ የሚታየው ሰው አንድ ሌሊት እዚህ ቢያድር ደስ ይለኛል። አየሩ ደረቅ ነው፣ ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል ነገር የለም። መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ሽቅብ ሲለቅ የሚይዝለት አያገኝም። ትናንት ከሰዓት 37 ዲግሪ ነበር፣ አሁን 8 ነው። ጃኬት ለብሼ፣ ጓንት አጥልቄ፣ የሱፍ ኮፍያ ደፍቼ ወጣሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሁሉንም አውልቄ ጀርባዬ ላይ ተሸክሜ እንደምሮጥ እያወቅኩ።

ይህን ብርድ ልብ በሉልኝ። በኋላ ለደረሰብኝ ነገር ግማሹ ጥፋት የእሱ ነው። ግማሹ የእኔ።

ከሩጫ በፊት የሚዛን ሰልፍ አለ። አሰልጣኙ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሚዛን አስቀምጠዋል። አጠገቡ ሰማያዊ ደብተር አለ፤ እርሳሱ በሲባጎ ታስሮበታል። ተራችን ሲደርስ ጫማና ጃኬት አውልቀን እንቆማለን። ቁጥሩን ራሳችን አይተን ራሳችን እንጽፋለን። በቀን አራት ጊዜ ነው፤ ከሩጫ በፊትና በኋላ፣ ከብስክሌት በፊትና በኋላ። 14 ሰዎች ነን። ማንም ማንንም አይቆጣጠርም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ሁለት ሰዓት ሮጦ አንድ ኪሎ የጎደለበት ሰው ያጣው ውሃ ነው። (ክብደት ቀነስኩ ብሎ የሚደሰት ሰው ግን አይጠፋም። የመጀመሪያው ቀን ላይ እኔ ነበርኩ።) የካምፑ ደንብም አጭር ነው። በጠዋቱ ሩጫ ከክብደቱ ከ2 በመቶ በላይ የጎደለበት ሰው ከሰዓት ብስክሌት ላይ አይወጣም። ጥላ ስር ይቀመጣል፣ ጨው ያለበት ውሃ እየተለካ ይሰጠዋል፣ የሌሎችን ጎማ ይነፋል።

61.8 ብዬ ጻፍኩ። ይህኛው እውነተኛ ቁጥር ነው።

እኔ የብስክሌት ሰው ነኝ። ወደ ካምፑ የመጣሁት ተራራ ላይ ልነዳ ነው፤ ሩጫው እንደ ምርቃት አብሮ የመጣ ነገር ነው። ስሮጥ የሚያየኝ ሰው ዕቃ የጠፋኝ ይመስለዋል። አንገቴን ደፍቼ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ። የአምስተኛው ቀን ከሰዓት ደግሞ ገና ሳልመጣ ጀምሮ የጓጓሁለት ነበር። 28 ኪሎ ሜትር፣ ግማሹ ምንም ያልበቀለበት ራቁት ዓለት ላይ። ስለዚህ የጠዋቱን 17 ኪሎ ሜትር እንደምንም ገላግዬ ጉልበቴን ለከሰዓቱ ማቆየት ነበር ዕቅዴ።

በጨለማ ተነሳን። የግንባር መብራቶቻችን ተሰልፈው ሲሄዱ ከሩቅ ያየን ሰው ምን ብሎ እንደሚያስብ እንጃ።

የመጀመሪያዎቹ 5 ኪሎ ሜትሮች የደረቀ ወንዝ ውስጥ ናቸው። ከመግባታችን በፊት አሰልጣኙ ሁልጊዜ ቆም ብለው ከላይ ያለውን ተራራ ያያሉ። እኛ ያለንበት ሰማይ የጠራ ቢሆንም እዚያ ላይ ከዘነበ ጎርፉ በዚህ ነው የሚመጣው። ደረቁ መሬት ውሃ ቶሎ አይጠጣም። ዛሬ ግን ተራራውም ኮከብ በኮከብ ነው። ገባን።

የወንዝ አሸዋ ላይ መሮጥ ሰው ካልሞከረው አይገባውም። እግርህ ወደ ኋላ ይገፋል፣ አሸዋው ይሸሻል፣ አንተ እዚያው ነህ። ለስላሳ አሸዋ ላይ መሮጥ ጠንካራ መሬት ላይ ከመሮጥ 1.6 እጥፍ ጉልበት እንደሚበላ ተለክቷል። የሚገርመው ግን መራመዱ ነው፤ ከ2.1 እስከ 2.7 እጥፍ። ይህን ስሰማ ተናደድኩ። ሲደክመኝ ልራመድ እያሰብኩ ነበራ!

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የ61 ዓመት ሰው ከፊቴ ነበሩ። እንደ ዶሮ ነው የሚረግጡት፤ አጭር አጭር፣ ፈጠን ፈጠን። ትናንት «ጋሼ፣ እንዴት ነው አሸዋው እርስዎን የማይውጥዎት?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «አልጫነውም» አሉኝ። «ደግሞ ቀለሙን እዪ። ጠቆር ያለው ይጠጥራል፣ ነጭ የሆነው ይበላሻል።» ዛሬ በባትሪ ብርሃን ቀለም ለመለየት ስሞክር ቆይቼ ተውኩት። የእሳቸውን ኮቴ እየተከተልኩ ሄድኩ። የረገጡበት ላይ ስረግጥ ግን አሸዋው ቀድሞ ተፈራርሶ ይጠብቀኛል። ከኮቴያቸው አንድ ስንዝር ጎን መርገጥ ይሻላል። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ በራሴ ያገኘሁት ብቸኛ የሩጫ ጥበብ ስለሆነ እመካበታለሁ።

ከወንዙ ስንወጣ ነጋ። ቀጥሎ ወደ ሸንተረሩ የሚወስደው አቀበት ነው፤ ኮረት፣ ልቅ ድንጋይ፣ እሾህ። ከዱካው ውጭ መርገጥ ክልክል ነው። ዳር ዳሩን ያለው አፈር ላዩ ጠቁሮ እንደ ተቃጠለ ዳቦ ቅርፊት ተኮማትሯል። አሰልጣኙ በመጀመሪያው ቀን ተንበርክከው አሳይተውናል። ቅርፊቱ ሕይወት ያለው ነገር ነው። በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች፣ ሞስ የሚባሉ ጥቃቅን ዕፅዋትና የድንጋይ ሽበት ተያይዘው አፈሩን ሰፍተው ይዘውታል፤ ንፋስ እንዳይወስደው የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። አንድ የጫማ ዱካ የሚደፈጥጠው እስኪያገግም አሥርተ ዓመታት ይፈጃል። ከዚያ ወዲህ ከመንገድ ወጥቶ ሽንት መሽናት እንኳ ጭንቅ ሆኗል። ድንጋይ በድንጋይ እየዘለልን ነው የምንሄደው።

ሸንተረሩ ላይ ስንደርስ ጃኬቴን አወለቅኩ። ውሃ ግን አልጠጣሁም ማለት ይቻላል። ከጀርባዬ ባለው የውሃ ከረጢት ሊትር ተኩል ይዤ ነበር። በብርዱ ጊዜ ጥም የሚባል አልነበረም፣ ላብም አልታየኝም። ሸሚዜ ደረቅ ነበር። ደረቅ! በዚህም ኮራሁ። አምስት ቀን ውስጥ በረሃውን የለመድኩት መሰለኝ።

ለምጄውም ነበር፤ ጉዱ እዚያ ላይ ነው። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ7 እስከ 14 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ለውጡ ግን ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጀምራል። የደሙ ፈሳሽ ክፍል ይጨምራል። የልብ ምት ይቀንሳል። ላቡ ላይ ያለው ጨው ያንሳል። የኋለኞቹን ሁለቱን ሰዓቴና ሸሚዜ ላይ አይቻቸው ነበር። በመጀመሪያው ቀን በዚሁ አቀበት ልቤ 168 ይመታ ነበር፤ ዛሬ 154። ጥቁሩ ሸሚዜ ላይ የነበረው ነጭ የጨው ካርታም ሳስቷል። የዘነጋሁት ሌላውን ነው። የለመደ ሰውነት ቀደም ብሎ ያልባል፣ አብዝቶም ያልባል። ሰውነቴ በጎበዘ ቁጥር ውሃዬን በፍጥነት እያወጣ ነበር ማለት ነው። ደረቁ አየር ደግሞ እያንዳንዱን ጠብታ ገና ብቅ ሳይል ይልሰዋል። እንዲህ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ላብ የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው። አንድ ሊትር ላብ ሲተን ወደ 580 ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ችግሩ ሲሄድ ማንም አያየውም።

ላዩ ላይ አሥር ደቂቃ አረፍን። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ስለዚያ በሞሮኮ ሰሃራ ስለሚካሄደው ውድድር ጀመሩ፤ ማራቶን ደ ሳብል። የሕልማቸው ውድድር ነው። ፓትሪክ ባወር የሚባል ፈረንሳዊ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1984 ብቻውን ሰሃራ ውስጥ 350 ኪሎ ሜትር ያህል በ12 ቀን በእግሩ ሄደ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1986 ውድድሩን ሲጀምር የተገኙት 23 ሯጮች ናቸው። አሁን ወደ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ምግብህን ተሸክመህ። የሞሮኮው ላህሰን አሃንሳል አሥር ጊዜ አሸንፎታል። ይህን ሁሉ እኛ በቃላችን ይዘነዋል፤ ጋሼ ግን አሁንም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያወሩት ዓይናቸው ይበራል።

ዛሬ የጣሊያናዊውን ታሪክ ጨመሩ። ማውሮ ፕሮስፔሪ በ1994 ውድድሩ ላይ የአሸዋ አውሎ ነፋስ ያዘው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ባለህበት መቆም ነው ሕጉ። እሱ ደረጃዬን አጣለሁ ብሎ መሄዱን ቀጠለ። ነፋሱ ሲቆም መንገድ የለም፣ ሰው የለም። የራሱን ሽንት ጠጣ፣ ባዶ መቃብር ቤት ውስጥ ያገኛቸውን የሌሊት ወፎች በላ። ከዘጠኝ ቀን በላይ ቆይቶ በሕይወት የተገኘው ድንበር ተሻግሮ አልጄሪያ ውስጥ ነው።

«ደረጃውን ብሎ!» አለ ረጅሙ ልጅ እየሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ቁልቁለቱ የጠዋቱ ጥሩ ክፍል ነበር። ከሸንተረሩ በስተጀርባ ንፋሱ የከመረው ትልቅ የአሸዋ ቁልል አለ። ደረቅ አሸዋ ከ34 ዲግሪ ገደማ በላይ መቆም አይችልም፤ ከዚያ ካለፈ ራሱ ይናዳል። እኛ የወረድንበት ፊት ልክ እዚያ ወሰን ላይ ያለ ነው። ተረከዝህን ትከታለህ፣ ወደ ኋላ ሳትል ትለቀዋለህ፣ አንድ እርምጃ ሦስት ሜትር ይወስድሃል። እየጮህኩ ነው የወረድኩት። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው እኮ።

ካምፕ ስንደርስ ጠዋት 1 ሰዓት ከ45 ሆኗል። የውሃ ከረጢቴን ሳነሳው ከበደኝ። አንድ ሊትር ያህል ቀርቶበታል።

ሚዛን ላይ ወጣሁ። 60.1።

ወረድኩና እንደገና ወጣሁ። 60.1።

1.7 ኪሎ ጎድሏል። በአእምሮዬ አሰላሁት፤ ወደ 2.8 በመቶ ነው። ገደቡ 60.6 ላይ ነበር። ግማሽ ኪሎ! የግማሽ ሊትር ጠርሙስ አንድ! ያን ጠጥቼ ቢሆን ኖሮ ከሰዓት ዓለቱ ላይ ነኝ። አሁንስ ብጠጣው ምን ልዩነት አለው፣ አልኩ ለራሴ። ጠጥቼ ልመጣ አይደል? ቁጥሩን አሁን ልጻፈው፣ ውሃውን ከደቂቃ በኋላ እጠጣዋለሁ። እንደ ብድር ማለት ነው።

60.9 ብዬ ጻፍኩ። እርሳሱ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ከረፋዱ እስከ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ የጥላ ጊዜ ነው። ፀሐይዋ ራስ ላይ ስትቆም ካምፑ ይሞታል። የገደቡን መስመር ያለፉ ሦስት ሰዎች በሸራው ስር ተቀምጠው የካምፑ ሐኪም በጥብጣ የምትሰጣቸውን ኦአርኤስ ቀስ እያሉ ይጠጣሉ። ሩዝ በጨው ይበላሉ። በየግማሽ ሰዓቱ ትጠይቃቸዋለች። እኔን የጠየቀኝ የለም። ለምን ትጠይቀኛለች? ደብተሩ ላይ ደህና ነኝ።

ስለዚህ ብቻዬን ታከምኩ። ያውም ስህተት በሆነው መንገድ። አንድ ሊትር ተራ ውሃ ቆሜ ገለበጥኩት። ሆዴ እንደ በርሜል ይንቦጫረቃል፣ አፌ ግን አሁንም ደረቅ ነው። ሐኪሟ ገና በመጀመሪያው ምሽት አስጠንቅቃን ነበር፤ ተራ ውሃ ብቻ ማብዛት የደምን ጨው ያቀጥነዋል፣ እሱም ሊገድል ይችላል። በፈረንጆቹ 2002 የቦስተን ማራቶን ላይ 488 ሯጮች መጨረሻው መስመር ላይ ደም ሰጥተው ሲመረመሩ 13 በመቶው ጨዋቸው ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኝቷል። ይህን አስታውሼ ሁለተኛውን ሊትር ተውኩት። ኦአርኤስ ልጠይቅ ብል ደግሞ «ለምን?» ትለኛለች።

ወደ ብስክሌቴ ሄድኩ። እጅ ሥራ ሲይዝ ሐሳብ ይረሳል። ካቴናውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግኩት። እዚህ ዘይት የምትቀባው በጣም ጥቂት ነው፤ ከበዛ አሸዋውን ይስብና ካቴናህ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። የጎማውን አየር ወደ 1.5 ባር አወረድኩት። ለስላሳ ጎማ አሸዋው ላይ ይተኛል፣ ዓለቱንም ይጨብጣል። ጎማዎቼ የውስጥ ላስቲክ የላቸውም፤ ውስጣቸው ነጭ ፈሳሽ ነው ያለው። እሾህ ሲወጋው ፈሳሹ በቀዳዳው ይወጣና እዚያው ረግቶ ይደፍነዋል። ያለሱ በዚህ አገር እሾህ በቀን አሥር ጊዜ ነበር የምቆመው።

9 ሰዓት ላይ እንደገና ሚዛን። 60.9 ይላል። እውነተኛው 60.9 አሁን መጣ! ግን ይህንኑ ቁጥር ጠዋት ጽፌዋለሁ። ሰባት ሰዓት ሙሉ በልታ ጠጥታ ምንም ያልጨመረች ሴት ልሆን ነው። ስለዚህ 61.4 ብዬ ጻፍኩ። የዚህ ዓይነት ሂሳብ አያልቅም።

መነሻው ላይ ያለው ጥርጊያ መንገድ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ነው። ሽብሽቡን የሚሠራው የጎማ ሩጫ ራሱ ነው። ጎማ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ሲሄድ ትንሿን ጉብታ ይዘላታል፣ ሲያርፍ ይቆፍራል፣ እንደገና ይዘላል። ጥርሴ እየተንገጫገጨ አራት ኪሎ ሜትር ሄድኩ። ከዚያ አሸዋ። አሸዋ ላይ ዋናው ነገር አለመፍራት ነው። ክብደትሽን ወደ ኋላ፣ መሪውን ላላ አድርጎ መያዝ፣ ፔዳሉን አለማቋረጥ፣ ፍሬን አለመንካት። የፊት ጎማው የፈለገበት ቢሄድም ትተዪዋለሽ፤ ከተከራከርሽው ይጥልሻል። እዚህ ላይ ጎበዝ ነኝ። ጠዋት የቀደሙኝን ሁሉ አንድ በአንድ አለፍኳቸው። ጋሼንም ጭምር። «ቀስ!» አሉኝ ሳልፋቸው። ምቀኝነት መስሎኝ ነበር።

ዓለቱ ላይ ስወጣ ሁሉንም ረሳሁ። እንዴት ላስረዳችሁ? ቀይ ቡናማ ድንጋይ፣ እንደ ተደራረቡ የዓሣ ነባሪ ጀርባዎች፣ እስከ አድማስ። ድንጋዩ እንደ አሸዋ ወረቀት ሻካራ ስለሆነ ጎማው አይለቅም፤ አያስወጣም ያልከውን አቀበት ያስወጣሃል። አሜሪካ ዩታ ውስጥ ሞዓብ የሚባል ቦታ ያለው ዝነኛ የዓለት መንገድ እንዲህ ዓይነቱ ነው፤ ስሙ «አንሸራታች ዓለት» ነው። ስሙን ያወጡት ብረት ጫማ ያጠለቁ ፈረሶች ይዘው የመጡ ሰዎች ናቸው፣ ፈረሶቻቸው ተንሸራተውባቸው። ለጎማ ግን የሚጣበቅ ዓለት ነው።

ከዚያ ረጅሙ ቁልቁለት። የኋላ ፍሬኔ መሽተት ሲጀምር ሳቅኩ። የተራራ ብስክሌት ስፖርት ራሱ የተቃጠለ ፍሬን ይሸታል። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች አሮጌ ወፍራም ጎማ ያላቸውን ብስክሌቶች ይዘው ከተራራ ይወርዱ ነበር። ፍሬኑ ኋላ ጎማው መሐል ውስጥ ያለው፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጠው የሚይዘው ዓይነት ነው። አንዴ ሲወርዱ ግራሶው ጨሶ ያልቃል፤ ፈተው እንደገና መሙላት አለባቸው። መንገዱን «ሪፓክ» አሉት፤ እንደገና መሙላት ማለት ነው። የመጀመሪያው የሪፓክ ውድድር ጥቅምት 1976 ነበር። ሃያ ዓመት ብቻ ቆይቶ ነገሩ አትላንታ ኦሊምፒክ ገባ። ይህን ይህን እያሰብኩ፣ ለራሴ እየተረክሁ ወረድኩ።

19ኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ምንም በማያክል አቀበት፣ ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ሲቆም አየሁ። በረደኝ። በ36 ዲግሪ ፀሐይ በረደኝ! ሰዓቴን አየሁ፤ 176። እዚህ አቀበት ላይ 150 መሆን ነበረበት። «ሰዓቱ ተበላሽቷል» አልኩ። ከዚያ ግራ ባቴ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ገመድ ተጠመዘዘ። መውረድ ስፈልግ እግሬ ከፔዳሉ አልላቀቅ አለ። እንደ ዛፍ ወደቅኩ። በሰዓት ምናልባት ሦስት ኪሎ ሜትር እየሄድኩ። ክርኔ ተላጠ፣ ሄልሜቴ ዓለቱን መታ። ተጋድሜ ሰማዩን ሳይ መነሳት ከባድ ሥራ መሰለኝ። ልክ ሰው ጠዋት አልጋ ላይ «አምስት ደቂቃ ብቻ» እንደሚለው።

ጋሼ ደረሱ። አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ ጎትተው ከዓለቱ ጥግ ባለች ቁራጭ ጥላ ውስጥ አስገቡኝ። ሄልሜቴን ፈቱት። ውሃ አንገቴና ደረቴ ላይ አፈሰሱ። ንፋስ ሲነካው ዘለልኩ። ከዚያ ከቦርሳቸው ኦአርኤስ አውጥተው ጠርሙሳቸው ውስጥ በጠበጡ።

«በትንሽ በትንሹ። አትገልብጪው።»

ትንሽ ከቆየሁ በኋላ «ምን እንደነካኝ አላውቅም» አልኳቸው።

«እኔ አውቃለሁ» አሉ። «ስልሳ ነጥብ አንድ።»

ዝም አልኩ። ለካስ ሰልፉ ላይ ከኋላዬ ነበሩ።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?» ቁጣዬ ራሴንም አስገረመኝ። የዋሸሁት እኔ፣ የተቆጣሁት እኔ!

ጠርሙሱን አዙረው ክዳኑን ገጠሙ። «ከሰዓት የምትመጪ አልመሰለኝም ነበር» አሉ። «መነሻው ላይ ሳይሽ ደግሞ ጠጥታ ተሻሽላ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። አልፈሽኝ ስትሄጂ ነው የገባኝ። መናገር ነበረብኝ። ይቅርታ ልጄ።»

ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ቀሪውን 9 ኪሎ ሜትር አልነዳሁም። መንገዱን የሚያቋርጥ አቋራጭ ስላለ ብስክሌቶቻችንን እየገፋን በእሱ 5 ኪሎ ሜትር ሄድን። ጋሼ መንዳት እየቻሉ አብረውኝ ገፉ። ብዙ አላወራንም። አንዴ ብቻ፣ ፀሐይዋ ከዓለቱ ጀርባ ስትገባና ጥላው ሲመጣ፣ «ይኼኔ ሞሮኮ ላይ ድንኳን የሚተክሉበት ሰዓት ነው» አሉ።

አሰልጣኙ ሚዛኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ክርኔን አዩ። «ወደቅሽ?»

«አሰልጣኝ፣ ጠዋት የጻፍኩት ቁጥር ልክ አይደለም። ከሰዓት የጻፍኩትም።»

መልስ ሳይሰጡ ደብተሩን ገልጠው ሰጡኝ። ላጲስ የለም። 60.9ን ሰረዝኩና ጎኑ 60.1 ብዬ ጻፍኩ። 61.4ን ሰረዝኩና 60.9 አልኩ። ከዚያ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ፤ 59.8። ከማለዳው ሁለት ኪሎ ሙሉ። አሰልጣኙ የሦስቱንም ሂሳብ በጣታቸው ሄዱበት። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ ይህን ለብቻው የምፈራው ነበር።

«ይህን ገጽ አይቼ ነበር እኮ» አሉ። «ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ። እንዴት በደንብ ለምዳለች ብዬ የነገውን ሩጫሽን ወደ 22 ኪሎ ሜትር ከፍ አድርጌዋለሁ።» በራሳቸው ወረቀት ላይ አሳዩኝ። ስሜ ፊት 22 ተጽፏል። ሰረዙት። ምንም አልጻፉበትም። «ወደ ሐኪሟ ሂጂ። ራስሽ ንገሪያት።»

ሐኪሟ ደግሞ ተቆጣች። በሚገባ። የደም ግፊቴን ለካች፣ ስሜንና ቀኑን ጠየቀችኝ፣ ክርኔን እየጠረገች አንድ ሰዓት ያህል የሚመስል ንግግር አደረገች። በየመሐሉ «ጠጪ» ትላለች። ለሽንቴ ቀለም ሪፖርት እንዳቀርብ ታዘዝኩ። ከዚያ ሩዝ፣ ጨው፣ ሙዝ፣ እንደገና ጠጪ።

ነገ ሩጫም ብስክሌትም የለኝም። ረጅሙ ልጅ ነገሩን ሰምቶ «ፕሮስፔሪ!» እያለ ጠራኝ። ለቀሪው ሳምንት ስሜ ይኸው ሆኖ እንደሚቀር ከወዲሁ ገብቶኛል።

ከመተኛቴ በፊት ብስክሌቴን ልይ ብዬ ወጣሁ። ብርዱ ተመልሷል። በግንባር መብራቴ የፊት ጎማውን ቀስ እያልኩ ሳዞር አንድ እሾህ አገኘሁ፤ ግማሽ ጣት የሚያክል፣ እስከ ጭንቅላቱ የገባ። መቼ እንደገባ እንጃ። ጎማው አልቀነሰም፣ ፈሳሹ ዙሪያውን ይዞታል። እንዲህ ያለውን ብዙ ሰው አይነካውም። በፒንሳ ያዝኩትና ነቀልኩት። አየሩ ፊሽ እያለ ከነነጭ ፈሳሹ ጣቴ ላይ ተረጨ። ቀዳዳው ወደ ታች እንዲሆን ጎማውን አዞርኩና መቁጠር ጀመርኩ። አሥራ አንድ ላይ ቆመ።